የቀለም ማስተማሪያ መተግበሪያ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ በአንድ አጸደ ሕፃናት አስተምራለሁ። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው «ቲቸር፣ ቀለም የሚያስተምር ጥሩ መተግበሪያ ይጠቁሙን» ይሉኛል። የመተግበሪያ ስም ዘርዝሬ ብሰጥ ብዙም ሳይቆይ ግማሹ ተለውጦ፣ ግማሹ ጠፍቶ ይገኛል። ደግሞም ችግሩ ከስሙ ላይ አይደለም። ወላጆች የሚሳሳቱት በአመራረጡ ነው፤ ስህተቶቹም ከቤት ቤት እምብዛም አይለያዩም።

ቀለም ለሕፃን ለምን እንደሚከብድ መጀመሪያ እንይ። ሕፃናት ቀለምን በዓይናቸው መለየት የሚጀምሩት ገና በጥቂት ወራቸው ነው። ስሙን አስተካክለው መጥራት ግን ብዙዎቹን እስከ ሦስትና አራት ዓመታቸው ይወስድባቸዋል። ምክንያቱም ቀይ ብቻውን አይገኝም። ኳስ እያሳዩ «ቀይ» ሲሉት፣ ልጁ ስለ ኳሱ ይሁን ስለ ቅርጹ ወይም ስለ መንከባለሉ እየተነገረው እንደሆነ በምን ያውቃል? ጥሩ መተግበሪያ ይህን ግራ መጋባት ያቃልላል፤ መጥፎው ያባብሰዋል።

ልጁ ዝም ስላለ ተማረ ማለት

በመተግበሪያ መደብሩ ላይ የሚታዩትን ኮከቦች የሚሰጠው ልጁ አይደለም፤ ልጁ ዝም ያለለት ወላጅ ነው። ስለዚህ ኮከቡ የሚነግረን ቤቱ ጸጥ ማለቱን እንጂ ትምህርቱን አይደለም። የወረደበት ብዛትም እንዲሁ ነው። ከአስተያየቶቹ ውስጥ ዝቅተኛ ኮከብ የሰጡትን ቢያነቡ ይጠቅማል፤ ማስታወቂያ የበዛበትን፣ ከዝማኔ በኋላ ክፍያ የጀመረውን የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።

ሆን ብሎ ተሳስቶ አለመሞከር

ይህን ከሁሉም አብልጬ እናገራለሁ። መተግበሪያውን ለልጅዎ ከመስጠትዎ በፊት እርስዎ ይክፈቱትና ይሳሳቱ። «ቀዩን ንካ» ሲልዎ ቢጫውን ይንኩ። አንዳንዱ መተግበሪያ የትኛውንም ቢነኩ ያጨበጭባል፣ ርችት ይተኩሳል፣ ፊኛ ይለቃል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ስክሪን ሲነካ ርችት እንደሚተኮስ ነው። ሌላው በአስደንጋጭ ድምፅ ይጮህና ያልፋል፤ ልጁ መሳሳቱን እንጂ የነካው ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚፈለገው «ይህ ቢጫ ነው፤ ቀዩስ የቱ ነው?» ብሎ እንደገና ዕድል የሚሰጠው ነው። ስህተቱን ለልጁ በስሙ ይጠራለታል፤ እኛም ክፍል ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ይጫወቱ። ድምፅ ሳይሰሙ ትክክለኛውን መልስ ማግኘት ከቻሉ፣ ጨዋታው የቀለም ስም አልጠየቀዎትም ማለት ነው። ቀይ ኳስ ቀይ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ማዛመድ ይባላል። ለሁለት ዓመት ልጅ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ ነገር ግን ልጅዎ ወር ሙሉ ሲያዛምድ ቢከርም «ቀይ» የሚለውን ቃል ላያውቀው ይችላል። ትክክለኛው መልስ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ወይም ሁልጊዜ በአንድ በኩል የሚመጣ ከሆነም ልጁ የሚከተለው ብልጭታውን ወይም ቦታውን ነው። ልጆች በዚህ በኩል ከእኛ ይፈጥናሉ።

ሦስተኛው ነገር ሥዕሎቹ ናቸው። በብዙዎቹ መተግበሪያዎች ቀይ ሁልጊዜ ፖም ወይም እንጆሪ ነው፣ ቢጫ ሁልጊዜ ሙዝ ነው፣ አረንጓዴ ሁልጊዜ እንቁራሪት ነው። አንድ የክፍሌ ልጅ ስልክ ላይ ቀለማቱን አንድ በአንድ ይጠራ ነበር፤ እናቱም በኩራት አሳየችኝ። በማግስቱ ከግቢያችን አጥር ጎን ያለውን ያልበሰለ የሙዝ ዘለላ አሳይቼ ቀለሙን ብጠይቀው፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ቢጫ!» አለኝ። ዘለላው እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር። ልጁ የሚያውቀው የሙዝን ቀለም ሳይሆን ከሙዝ ጋር የሚባለውን ቃል ነው። ስለዚህ አንዱን ዕቃ በተለያየ ቀለም፣ አንዱንም ቀለም በተለያዩ ዕቃዎች የሚያሳይ ይምረጡ፤ ቀይ ጃንጥላ፣ ቀይ ዶሮ፣ ቀይ ባልዲ፤ ከዚያ ያው ጃንጥላ ሰማያዊ ሆኖ። እንጆሪን በተመለከተ፣ የኛ ሰፈር ልጅ እንጆሪን ራሱን አያውቀውም፤ ባያውቀው ዕቃ ያላወቀውን ቀለም ማስተማር ሁለት ሸክም መጫን ነው።

ብዙ ቀለም ያለውን የተሻለ አድርጎ ማየት

ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ፣ ብርቱካናማ ሁሉም በመጀመሪያው ቀን የሚደረደሩበትን መተግበሪያ ይለፉት። በሁለት ወይም በሦስት በጣም በሚራራቁ ቀለሞች፣ ለምሳሌ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ጀምሮ፣ እነርሱ ሲያዙ አንድ አንድ የሚጨምር ይሻላል። የሚታዩትን ቀለሞች ወላጁ ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅድ ካገኙ የበለጠ ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ልጆችን ብዙ ጊዜ ስለሚያምታቱ በአንድ ሳምንት ባይገጣጠሙ ጥሩ ነው።

ቀለሙ በምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደሚነገር አለማዳመጥ

ወላጆች ይህን ነገር ልብ አይሉትም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት የቀለም ስም የበለጠ የሚይዙት ቀለሙ ከዕቃው ስም በኋላ ሲነገራቸው ነው። ዕቃው ቀድሞ ሲጠራ የልጁ ዓይን ዕቃው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ የሚሰማው ቃል ስለ ቀለሙ መሆኑን ለመገመት ይቀለዋል። በአማርኛም «ቀይ ኳስ» ከማለት «ኳሱ ቀይ ነው» ማለት አይከብድም። መተግበሪያው የሚናገረው በየትኛው መንገድ እንደሆነ ያድምጡ። በመጀመሪያው ከሆነ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው በሁለተኛው ይድገሙለት፤ ዋጋ የማያስከፍል እርማት ነው።

ስለ ቋንቋው ሳያስቡ መጫን

የጅማ ልጅ ከቤት አማርኛ፣ ከጎረቤት አፋን ኦሮሞ፣ ወይም በተገላቢጦሽ ይሰማል። ቀይን «ዲማ» ጥቁርን «ጉራቻ» ብሎ የሚያውቅ ልጅ ቀለሙን አውቆታል፤ ሁለተኛ ስም ሲጨመርለት አይናጋም። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው፤ በቤትም በመንገድም የማይሰማው የእንግሊዝኛ ስም ከስልኩ ብቻ ሲመጣበት። እንደዚያ ሲሆን ቃሉ ከስክሪኑ አይወርድም። የሚወዱት መተግበሪያ እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ድምፁን ዘግተው ቀለሙን በራስዎ አንደበት ይንገሩት፤ አንዳንዶቹ የወላጅን ድምፅ ለመቅዳት ይፈቅዳሉ። «አማርኛ» የሚል ስላለበት ብቻ ደግሞ አይቸኩሉ። በማሽን ድምፅ የተነበቡ፣ የሚጠብቀውን የሚያላሉ፣ የላላውን የሚያጠብቁ አሉ።

ነፃ ስለተባለ በነፃ መውሰድ

ከመጫንዎ በፊት ከስሙ ሥር ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ማስታወቂያ እንዳለበት፣ ውስጡ ግዢ እንዳለ እዚያው ይጻፋል። ማስታወቂያው ሲመጣ የሚዘጋበት ምልክት በስክሪኑ ጥግ ላይ ምስር የምታክል ናት፤ የሦስት ዓመት ልጅ ጣት ደግሞ ምልክቷን ስቶ ማስታወቂያውን ይነካል። ከዚያ ሌላ ገጽ ይከፈታል፣ ሌላ ጨዋታ ልጫን ይላል፣ ቪዲዮ ይጀምራል፤ የገዙት የዳታ ጥቅልም ቀለም ሳይማር ያልቃል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ስልኩ ላይ የአውሮፕላኑን ምልክት ነክተው ኔትወርኩን ያጥፉና መተግበሪያውን ይክፈቱት። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ልጁን ሁልጊዜ በዚያ መልክ ያጫውቱት፤ አብዛኛው ማስታወቂያ አይመጣም፣ ጥቅሉም አይነካም፣ በእርሱ እጅ ሳለ ስልክም አይደወልም። ያለ ኢንተርኔት አልከፈትም ካለ ይተዉት። የቀለም ትምህርት ኢንተርኔት የሚፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። ያለዎትን የእውቂያ ዝርዝር፣ የሚገኙበትን ቦታ፣ ማይክሮፎን ልጠቀም የሚል ጥያቄ ካቀረበም ይከልክሉት፤ የድምፅ መቅጃ ከሌለው ማይክሮፎኑ ምን ሊያደርግለት ነው? በአንድሮይድም በአይፎንም ስክሪኑን በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ ቆልፎ መስጠት ይቻላል፤ የስልኩ ቅንብር ውስጥ ፈልገው ያብሩት።

ቀለሙን በሚያዛባ ስክሪን ማስተማር

ብዙ ስልኮች በማታ ለዓይን እንዲመች ሰማያዊውን ብርሃን ቀንሰው ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚያደላ ቅንብር አላቸው። ይህ በርቶ ሳለ ነጩ ክሬም ይመስላል፣ ሰማያዊው ይደበዝዛል፣ ሐምራዊው ወደ ቡናማ ይጠጋል። ልጁ ሰማያዊን ሌላ ነገር ብሎ ቢቆጡት ጥፋቱ የእርሱ ላይሆን ይችላል። ለቀለም ጨዋታ ያጥፉት። የተሰነጠቀና ቀለም የፈሰሰበት ስክሪንም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ መፈለግ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን ፊት እንዲቀመጥ አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ መጠንም የተሻለ እንደሆነ ይገልጻል። ሰዓቱ የቀን ሙሉ ድምር ነው፤ ካርቱኑም ይቆጠራል። እኔ ለቀለም አሥር ደቂቃ ይበቃል ባይ ነኝ።

ስልኩን ከገበያው ማስቀደም

ቡናማን ለማስተማር ለጅማ ልጅ መተግበሪያ ማውረድ ራሱ ትንሽ ያስቃል። አንድ የቡና ቅርንጫፍ ላይ በመኸር ወቅት አረንጓዴው፣ ቢጫ ማለት የጀመረው፣ ቀዩ እሸትና የጠቆረው ጎን ለጎን ይገኛሉ። አበባው ነጭ ነው። እናት ቡና ስትቆላም ፍሬው ከግራጫማ አረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ሲሄድ ልጁ ከምጣዱ ራቅ ብሎ ማየት ይችላል። ገበያ ሲወጡ እርድ ቢጫ ነው፣ በርበሬ ቀይ ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር ነው። በቀይ ሽንኩርት ግን አይጀምሩ፤ ልጁ ቀለሙን ካየ ይከራከርዎታል፣ እውነቱንም ነው።

ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ጠዋት በእጁ የነካውን ቀይ እሸት ማታ ስልኩ ላይ ቀይ ሆኖ ሲያገኘው መተግበሪያው መለማመጃ ይሆንለታል። እንዲህ ያለውን ነገር ራሳቸው የሚያዝዙ መተግበሪያዎችም አሉ፤ «ከቤትህ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ፈልገህ አምጣ» ይላሉ፣ ወይም በካሜራ ቀለም እንዲያስሱ ያደርጋሉ። ካገኙ ከሌላው ሁሉ ያስቀድሟቸው።

የዓይን ችግርን በስልክ መመርመር

ልጁ አራት ዓመት አልፎት ሌሎቹን ቀለሞች እያወቀ ቀይና አረንጓዴን ብቻ ዘወትር የሚያምታታ ከሆነ፣ ስንፍና ነው ብለው አይለፉት። ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር በአብዛኛው በውርስ የሚመጣ ሲሆን በኤክስ ክሮሞሶም ስለሚተላለፍ ወንዶች ላይ ይበዛል። በአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ዘንድ ወደ 8 በመቶ ይደርሳል፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ከዚያ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከአረንጓዴ ቅጠል መካከል ቀዩን የቡና እሸት ለቅሞ ማውጣት ይከብደዋል፤ በእኛ አካባቢ ችግሩ መጀመሪያ የሚታየውም ለቀማ ላይ ሊሆን ይችላል። የቀለም ምርመራ የሚያደርጉ መተግበሪያዎች ሞልተዋል፤ ነገር ግን የስክሪኑ ቀለም ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ ውጤታቸው አያስተማምንም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ሕክምና ክፍል አለና እዚያ ያሳዩት።

ሥራው ካለቀ በኋላ አለማጥፋት

ልጁ መተግበሪያው ውስጥ ስለሌሉ ነገሮች ይጠየቅ፦ ስለ በሩ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ጎረቤት በግ። ለእያንዳንዱ ቀለም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አስተካክሎ ከጠራ ትምህርቱ አልቋል፤ መተግበሪያውን ያጥፉት። ከዚያ በኋላ እያደር የሚጨምረው አዲስ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ልጁን ለማቆየት ነው። ካለቀሰ የሚያለቅሰው ለርችቱ ነው፤ ሁለት ቀን ነጭንጮ ይተወዋል።