ቡና መቁያ ላይ አርዱይኖ ለምትገጥሙ

ጅማ ውስጥ የቡና መቁያ በአርዱይኖ፣ ማለትም ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ለመቆጣጠር ለምትሞክሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኡኖ አር3 በሚባለው የአርዱይኖ ቦርድ ላይ ያለው ዋና ቺፕ፣ አትሜጋ 328ፒ፣ የተፈቀደለት እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ወዲያው አይሞትም፤ ሰውን የሚሸውደውም ይሄው ነው። የእኔው ቦርድ ቡናው ከሚቆላበት ከበሮ ሥር ሳምንት ሙሉ ሠርቶ፣ አንድ ቀን ቡናው እየተቆላ ሳለ መሥራት አቁሞ ቀረ። ቡናውማ ከሰል ሆነ! ፕሮግራሙን የያዘው ፍላሽ የሚባለው የቺፑ ማህደረ ትውስታም ሙቀት አይወድም። አምራቹ የተጻፈበትን ይዞ የሚቆየው በ25 ዲግሪ 100 ዓመት፣ በ85 ግን 20 ዓመት ብቻ ነው የሚለው።

ስለዚህ ቦርዱን አርቁት። ወደ እሳቱ የሚጠጋው ሙቀት የሚለካው የሽቦ ዳሳሽ፣ ቴርሞካፕሉ፣ ብቻ ይሁን። ሽቦው ካጠረ ደግሞ ተራ የመዳብ ሽቦ እንዳትቀጥሉበት፣ ንባቡ ይሳሳታል። ለዚሁ የተሠራውን የቴርሞካፕል ሽቦ ተጠቀሙ።