የሆርስራዲሽ ሥር ኃይሉን ያጣበት ምክንያት

ከጎመንና ከሰናፍጭ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነው የሆርስራዲሽ ሥር፣ እኔ ሳዘጋጀው አፍንጫን መሰንፈጡ ቀርቶ የደበዘዘ ጣዕም ብቻ ይሰጠኝ ነበር። ጥፋቱ የሥሩ ስለመሰለኝ ጠንካራ፣ ያልተጨማደደና ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ የሆነውን መምረጥ ጀመርኩ፤ ይህ ቢረዳም ችግሩን አልፈታውም።

መፍትሔው የተገለጠልኝ፣ የሚሰነፍጠው ነገር በሥሩ ውስጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ አለመሆኑን ስረዳ ነው። ሥሩ ሲፈቀፈቅ ሕዋሶቹ ይፈርሱና ሚሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሲኒግሪን ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር ተገናኝቶ አሊል አይሶታዮሳይኔት የሚባለውን ኃይለኛ ውሕድ ይፈጥራል፤ ኮምጣጤ ሲጨመርበት ግን ይህ ሂደት ይገታል። እኔ ደግሞ ሥሩን የምፈጨው ከኮምጣጤው ጋር በአንድነት ነበር!

አሁን ልጬ፣ አድቅቄ ከፈቀፈቅሁት በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቄ ኮምጣጤና ጥቂት ጨው እጨምራለሁ። ያለ ኮምጣጤ ብዙ ከቆየ ይጠቁራል፣ ይመርራልም። በሚፈቀፈቅበት ጊዜ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፤ ሽታው ዓይንን በእጅጉ ያቃጥላልና። በጥብቅ በተከደነ የብርጭቆ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ሙቀት ኃይሉን ስለሚያጠፋውም ከተጠበሰ ሥጋ ወይም ከተቀቀለ ቀይ ሥር ጋር የማቀርበው ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ብቻ ነው።