«ቡድኑ ኮንፈረንስ ሊቀይር ነው» ሲባል ወሬውን እንዴት ታጣራላችሁ?
ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛችን ስልኩን ዘረጋና «እገሌ ዩኒቨርሲቲ ኮንፈረንስ ሊቀይር ነው፣ አለቀ!» አለን። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ኮንፈረንስ የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድኖች ተቧድነው የሚጫወቱበት ሊግ ነው፤ እንደ እኛ ፕሪምየር ሊግ በውጤት መውጣት መውረድ የለበትም፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተስማምቶ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ የኮንፈረንሱ የቴሌቪዥን ውል መቼ እንደሚያልቅ እዩ። ነገሩ ሁሉ ብር ነው። የሎስ አንጀለሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ቢግ ቴን ኮንፈረንስ እንሄዳለን ያሉት የነበሩበት ኮንፈረንስ የፓክ 12 ውል በ2024 ሊያበቃ ሲል ነው፤ ሌሎቹም ተከትለው ወጡና ፓክ 12 ሁለት ቡድን ብቻ ቀረው። ርቀት ያግዳቸዋል ብላችሁ ደግሞ እንዳትሸወዱ፣ የሎስ አንጀለስ ልጆች አሁን በአገሪቱ ሌላኛ ጫፍ ያለው ኒው ጀርሲ ድረስ በርረው ይጫወታሉ (ጉድ ነው!)።

ከዛ የመውጫ ክፍያውን ጠይቁ። የቴክሳስና የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲዎች ቢግ 12 ከሚባለው ኮንፈረንስ አንድ ዓመት ቀድመው ለመውጣት በድምሩ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው የተስማሙት። አሰልጣኙ «እዚሁ ነን» ቢል ብዙም አትመኑት፤ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ድንገት ስብሰባ ከጠራ ግን ጆሮ ስጡ።

የጓደኛችን ምንጭ? የሆነ ሰው አርማ ለጥፎ የሠራው ፎቶ። ቡናውን እሱ ከፈለ።