ቴንጉን ከአፍንጫው አትጀምሩት

መጀመሪያ ጃፓን፣ ቶኪዮ አጠገብ ወዳለው ታካኦ ተራራ ስሄድ በኬብል ካር ወጣሁ፣ ከቴንጉ (በጃፓን ተረት ረጅም አፍንጫ ያለው የተራራ ጭራቅ) ሐውልት ጋር ሰልፊ ተነሳሁ፣ ሶባ በልቼ ተመለስኩ። ስልኬ ላይ የቀረው አንድ ረጅም አፍንጫ ነው። እናንተ እንደኔ አትሁኑ።

ከቶኪዮው ሺንጁኩ ጣቢያ በኬዮ ባቡር ታካኦሳንጉቺ ውረዱ፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ተራራው 599 ሜትር ብቻ ነውና በእግር፣ በ6ኛው መንገድ ውጡ። ብዙም ሳትርቁ ቢዋ ፏፏቴን ታገኛላችሁ። ነጭ ለብሶ ውሃው ሥር ቆሞ የሚጸልይ ሰው ካያችሁ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ይህ የያማቡሺዎች ልማድ ነው። ስማቸው «ተራራ ላይ የሚያድር» እንደማለት ነው። ባሕታዊ ልላቸው ነበር፤ ግን ብዙዎቹ ሚስትና ልጆች ነበሯቸው። ሹጌንዶ የሚባለው እምነታቸው ቡድሂዝምንና የጥንቱን የተራራ አምልኮ የቀላቀለ ነው። መንግሥት በ1872 እ.ኤ.አ. ቢያግደውም አልጠፋም።

ጫፍ ደርሳችሁ በ1ኛው መንገድ ስትወርዱ በ744 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ የሚባለው ያኩኦ-ኢን ቤተ መቅደስ አለ። ቴንጉዎቹ እዚያ ናቸው። አሁን አፍንጫውን ተዉትና ልብሱን እዩ። ግንባሩ ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ጥቁር ቆብ፣ ደረቱ ላይ ድቡልቡል የክር ጉብጉቦች። ይሄ እኮ ያማቡሺው የሚለብሰው ነው! ጭራቅ የተባለው ፍጡር የጸሎተኛ ልብስ ለብሷል።

ለምን? የቆላው ገበሬ ያማቡሺው ጫካ ገብቶ ሲሰወር ያያል። ሌሊት ከገደሉ የቀንድ አውጣ ቅርፊት መለከቱን ይሰማል። ሰውየው ሲመለስ ደግሞ በሽተኛ ይፈውሳል ይባላል። ይፈራዋል፣ ይፈልገዋልም። በዚያ ላይ የቡድሃ መምህራን «ትዕቢተኛ መነኩሴ ሲሞት ቴንጉ ይሆናል» ይሉ ነበር። አሁን ወደ አፍንጫው ተመለሱ፤ ትዕቢቱ ነው። እኛ «ልቡ አበጠ» የምንለውን ሰው ጃፓኖች ዛሬም «ቴንጉ ሆነ» ይሉታል።

የቁራ ምንቃር ያለው ሌላኛው ትንሹ ቴንጉ ነው፤ እዚያ እንደሚሉት ገና ተማሪ ነው።

ወደ ታች ስትቀጥሉ ሥሩ እንደ ኦክቶፐስ እግር የተጠማዘዘ ዝግባ መሰል ትልቅ ዛፍ አለ። ቴንጉዎች መንገድ ሲጠርጉ ዛፉን ሊቆርጡት ሲሉ፣ በአንድ ሌሊት ሥሩን ሰብስቦ አሳለፋቸው ይባላል።

ከቻላችሁ ጉዟችሁን ከማርች ሁለተኛ እሑድ ጋር አገጣጥሙት። ያማቡሺዎቹ እሳት አንድደው ፍሙን በባዶ እግር ያቋርጣሉ፤ ከነሱ በኋላ ሕዝቡም ይሰለፋል። ካልሲያችሁን ሰው ፊት ስለምታወልቁ ያልተቀደደ አድርጉ።