እንግሊዝ፣ ብሪታኒያ ወይስ ዩናይትድ ኪንግደም? የአንድ አገር ብዙ ስሞችን ሳያምታቱ ለመጠቀም

ሰኔ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኳስ በሚታይበት አንድ ቤት ተቀምጬ እንግሊዝና ስኮትላንድ በዌምብሌይ ሲጋጠሙ እያየሁ ነበር። ቀን ጂኦግራፊ የማስተምረው አንድ ልጅ ከጎኔ ነበርና በጨዋታው መሃል ዞር ብሎ «ቲቸር፣ አገሩ አንድ ነው ብለውን አልነበር እንዴ? ታዲያ እንዴት እርስ በርሱ ይጋጠማል? ጎጃምና ጎንደር ለየብቻ ለአውሮፓ ዋንጫ ይቅረቡ እንደ ማለት አይደለም?» አለኝ። በዕረፍት ሰዓት ላስረዳው ሞከርኩ፤ ደሴቱን፣ መንግሥቱንና ንጉሡን በአንድ ትንፋሽ ስደራርበው ግን እኔም ራሴ ተምታታሁ። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ፤ የእኔም ማብራሪያ ከዚያ የተሻለ ውጤት አላመጣም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያን ማታ መናገር የነበረብኝን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ሲሆን፣ ለመምህራን፣ ዜና ለሚተረጉሙና ወደዚያ አገር ፎርም ለሚሞሉ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግራ መጋባቱ ምንጭ በአብዛኛው የእኛው አጠራር ነው። በአማርኛ «እንግሊዝ» ስንል ሕዝቡን፣ መንግሥቱን፣ ንጉሡን፣ ጦሩንና ደሴቱን በጅምላ እንጠራበታለን። በወሬ ላይ ይህ ማንንም አይጎዳም፤ ሰሚው የቱን እንደሆነ ከነገሩ አካሄድ ይረዳዋል። በጽሑፍ ላይ ግን አንዱ ቃል አምስት ነገር ሲሸከም አንባቢው የቱን እንደሚይዝ አያውቅም። ስለዚህ ማንኛውም ከዚያ አገር ጋር የተያያዘ ስም ሲያጋጥምዎ፣ ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቁ፦ ይህ ስም የመሬት ስም ነው? የመንግሥት ስም ነው? ወይስ በዘውድ ብቻ የተያያዘ ነገር ስም ነው?

መጀመሪያ መሬቱን ይሳሉ

በወረቀት ላይ ሁለት ደሴቶች ጎን ለጎን ይሳሉ፤ የምሥራቁን ከፍ፣ የምዕራቡን አነስ አድርገው። የምሥራቁ ደሴት ታላቋ ብሪታኒያ ይባላል። በላዩ ላይ ሦስት አገሮች አሉ፦ ሰሜኑን ስኮትላንድ፣ የምዕራቡን ጎን ዌልስ፣ የቀረውን ሰፊ ክፍል እንግሊዝ ይዘውታል። የምዕራቡ ደሴት አየርላንድ ነው። እዚህ ላይ «ታላቋ» የሚለው ቃል አያታልልዎ። ስሙ የጉራ አይደለም፤ ደሴቲቱን ከባሕሩ ማዶ ፈረንሳይ ውስጥ ካለችው ከብሪታኒ ለመለየት የተሰጠ የመጠን ስም ነው። እኛ አገር አንዱን ወረዳ ላይ፣ ሌላውን ታች ብለን እንደምንለየው ማለት ነው። ታሪኩን የማያውቅ ተርጓሚ ግን «ታላቋ» ሲል ከፍ ከፍ የሚያደርግ ስለሚመስለው አንዳንዴ ቃሉን ይዘለዋል፤ መዝለል ስህተት ባይሆንም ምክንያቱ ስህተት ነው።

ከዚያ መንግሥቱን ይክበቡ

አሁን በሥዕሉ ላይ እርሳስዎን ወስደው የምሥራቁን ደሴት በሙሉና የምዕራቡን ደሴት ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ብቻ በአንድ መስመር ይክበቡ። በክቡ ውስጥ ያለው መንግሥት ሙሉ ስሙ «የታላቋ ብሪታኒያና የሰሜን አየርላንድ የተባበረ መንግሥት» ነው፤ በአጭሩ ዩናይትድ ኪንግደም እንለዋለን። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወንበር ያለው፣ ፓስፖርት የሚሰጠውና አምባሳደር የሚልከው ይህ ነው እንጂ እንግሊዝ አይደለችም። ከክቡ ውጭ የቀረው የአየርላንድ ክፍል ራሱን የቻለ ሪፐብሊክ ነው።

ክቡ ይህን ቅርጽ የያዘው ቀስ በቀስ ነው። ዌልስ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በወጡ ሕጎች ከእንግሊዝ ጋር ተዋሐደች። በ1603 የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 6ኛ የእንግሊዝን ዙፋን ወረሰና በለንደን ጄምስ 1ኛ ተባለ። ይህችን ዓመት ቆም ብለው ይመልከቷት፤ የቀረውን ሁሉ የምትከፍት ቁልፍ እርሷ ናትና። ከ1603 እስከ 1707 ድረስ እንግሊዝና ስኮትላንድ አንድ አባወራ እንዳላቸው ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ ንጉሡ አንድ፣ ፓርላማውና ሕጉ ግን ሁለት ሁለት። ቤቶቹ ግድግዳቸውን አፍርሰው አንድ ፓርላማ የሆኑት በ1707 ነው። አየርላንድ በ1801 ተጨመረች፤ በ1922 አብዛኛው ክፍሏ ተለይቶ ወጣ፤ ስድስት አውራጃዎች ሰሜን አየርላንድ ሆነው ቀሩ። በዘውድ መያያዝና በመንግሥት አንድ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

አራቱ አካላት እኩል ሥልጣን አላቸው ብለው አይገምቱ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የእኛን ፌዴሬሽን አስበን ክልሎቹ በሕገ መንግሥት ፊት እኩል እንደሆኑ ሁሉ እነርሱም እንዲያ ይመስሉናል። ዩናይትድ ኪንግደም ግን ፌዴሬሽን አይደለም፤ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥትም የለውም። ስኮትላንድና ዌልስ በ1997 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ፣ ሰሜን አየርላንድም ሚያዝያ ወር 1998 በተፈረመው የሰላም ስምምነት መሠረት የየራሳቸውን ምክር ቤት አገኙ። እንግሊዝ የራሷ ምክር ቤት የላትም፤ ጉዳይዋን የሚመለከተው የጋራው የዌስትሚኒስተር ፓርላማ ነው። በ2021 ግምት መሠረት ከ67 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ውስጥ ከ56 ሚሊዮን በላይ የሚኖርባት ትልቋ ክፍል ለብቻዋ ምክር ቤት የሌላት፣ 2 ሚሊዮን የማይሞላው የሰሜን አየርላንድ ሕዝብ ግን ያለው መሆኑ ለጀማሪ እንግዳ ነገር ነው።

ለጎጃም ተማሪ ይህን የማስረዳው በአዊ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ እንጅባራን ያልፋሉ፤ እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። አዊ በአማራ ክልል ውስጥ ሆኖ የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው፤ በቋንቋውም በአዊኛ ያስተምራል። ምሥራቅ ጎጃምና ምዕራብ ጎጃም ግን ዞኖች ናቸው እንጂ የብሔረሰብ ምክር ቤት የላቸውም። የምሥራቅ ጎጃም ሰው በዚህ ምክንያት የክልሉ ነዋሪ መሆኑ አይቀንስም፤ አዊም በዚህ ምክንያት ሌላ አገር አይሆንም። ስኮትላንድን በአዊ ቦታ፣ እንግሊዝን በጎጃም ዞኖች ቦታ አድርገው ቢያስቡ ያልተመጣጠነው አሠራር ወዲያው ይገባል። ምሳሌው የሚያነክስበትም ቦታ አለ፤ የአዊ ምክር ቤት የቆመው በክልሉ ሕገ መንግሥት ላይ ሲሆን፣ የስኮትላንድ ፓርላማ ግን የቆመው ዌስትሚኒስተር ባወጣው ተራ አዋጅ ላይ ነው። የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት ከ2002 እስከ 2007 ታግዶ ሥልጣኑ ወደ ለንደን ተመልሶ የነበረው በዚህ ምክንያት ይቻል ስለነበር ነው።

የመገንጠል ጥያቄም እንዲሁ ወጥ መልስ የለውም። እኛ ዘንድ አንቀጽ 39 ለሁሉም በአንድ ቋንቋ ይናገራል። እዚያ ሰሜን አየርላንድ አብዛኛው ሕዝብ ከፈለገ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር መዋሐድ እንደሚችል በ1998ቱ ስምምነት ተጽፎላታል። ስኮትላንድ በመስከረም 2014 ከለንደን ጋር ተስማምታ ሕዝበ ውሳኔ አካሄደች፤ ከመራጩ 55 በመቶው መቆየትን መረጠ። በ2022 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስኮትላንድ ፓርላማ ያለ ዌስትሚኒስተር ፈቃድ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት እንደማይችል ወሰነ።

የተማሪዬ ጥያቄ አሁን ይመለሳል። የኳሱ ነገር ከመንግሥቱ ቅርጽ የመጣ ሳይሆን ከዕድሜ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጨዋታ በ1872 በግላስጎው የተካሄደው በስኮትላንድና በእንግሊዝ መካከል ሲሆን፣ የሚገርመው እርሱም 0 ለ 0 ማለቁ ነው። ፊፋ የተመሠረተው በ1904 ነው። አራቱ ፌዴሬሽኖች ቀድመው ስለነበሩ እንደ አራት ተቀባይነት አገኙ። ኦሊምፒክ ላይ ግን ወንበሩ የመንግሥት ስለሆነ በአንድ ቡድን ይቀርባሉ። ጎጃምና ጎንደር ፊፋን በ32 ዓመት ቢቀድሙት ኖሮ ምናልባት እኛም እንዲሁ እንሆን ነበር።

ለባንዲራው ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ግን ልበል። በነጭ ላይ ያለው ቀይ መስቀል የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ እርሱ የእንግሊዝ ብቻ ባንዲራ ነው። ሰማያዊውና ነጩ የስኮትላንዱ የቅዱስ እንድርያስ፣ ሰያፉ ቀይ የአየርላንዱ የቅዱስ ፓትሪክ ሲሆን፣ ሦስቱ ተደራርበው የጋራውን ባንዲራ ሠሩት። ዌልስ ባንዲራው ሲወጠን ከእንግሊዝ ጋር ተዋሕዳ ስለነበር በላዩ ምልክት የላትም። እኛ ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስን ስናነግሥ እነርሱም በኤፕሪል 23 ያስቡታል፤ ቁጥሩ ይግጠም እንጂ የእነርሱ ቀን በእኛ ሚያዝያ 15 ላይ ይውላል።

በዘውድ ብቻ የተያያዙትን ከክቡ ውጭ ያስቀምጡ

ወደ ሥዕሉ ይመለሱ። በሁለቱ ደሴቶች መካከል አንዲት ነጥብ ያኑሩ፤ እርሷ ማን ደሴት ናት። ወደ ደቡብ፣ ከፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ደግሞ ጀርሲንና ገርንሲን ያስቀምጡ። እነዚህ የዩናይትድ ኪንግደም አካል አይደሉም። የየራሳቸው ፓርላማ፣ ግብርና ሕግ አላቸው፤ ወደ ዌስትሚኒስተር ተወካይ አይልኩም። የሚያያይዛቸው ንጉሡ ነው፤ ለንደን መከላከያቸውንና የውጭ ጉዳያቸውን ትይዝላቸዋለች። ጀርሲና ገርንሲ የጥንቱ የኖርማንዲ መስፍንነት ቅሪት ናቸው፤ ንጉሥ ጆን በ1204 ዋናውን ኖርማንዲ ለፈረንሳይ ሲያጣ ደሴቶቹ ከዘውዱ ጋር ቀሩ። ከ1603 በኋላ ያሉትን ሁለት ቤቶች ካስታወሱ እነዚህ እስካሁን ግድግዳቸው ያልፈረሰ ትንንሽ ቤቶች ናቸው።

ከእነርሱ ራቅ ብለው ባሕር ማዶ ግዛቶች የሚባሉ 14 ስፍራዎች አሉ፤ ጂብራልታር፣ ቤርሙዳ፣ ፎክላንድ፣ ቅድስት ሄለናና ሌሎችም። እነዚህ የኢምፓየሩ ቀሪዎች ሲሆኑ፣ ሕዝብ ያለባቸው አብዛኞቹ የውስጥ ጉዳያቸውን ራሳቸው ያስተዳድራሉ፤ በውጭ ጉዳይ ግን በለንደን ሥር ናቸው። ፎክላንድን አርጀንቲና፣ ጂብራልታርን ስፔን የእኔ ነው ስለሚሉ፣ ስለ እነዚህ ሲጽፉ «የእንግሊዝ መሬት» ብሎ ማለፍ የአንዱን ወገን ክርክር ሳያውቁ እንደ መደምደም ይቆጠራል። ኮመንዌልዝ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ የ56 ነጻ አገሮች ማኅበር ነው፣ ብሪታኒያ ገዝታቸው የማታውቃቸው ሩዋንዳን የመሰሉ አባላትም አሉበት። ከእነዚህ ውስጥ ንጉሥ ቻርልስ 3ኛ ርእሰ ብሔር የሆኑባቸው፣ ዩናይትድ ኪንግደምን ጨምሮ 15 ብቻ ናቸው።

ፎርም ሲሞሉና ሲጽፉ

የእህቴ ልጅ ለትምህርት ዕድል ሲያመለክት ደብዳቤውን አምጥቶ አሳየኝ። ዩኒቨርሲቲው ያለው በኤድንብራ ነው፤ ልጁ ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ «ስመ ጥር ከሆኑት የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በሆነው» ብሎ ጀምሯል። ኤድንብራ የስኮትላንድ ዋና ከተማ ናት፤ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ስኮትላንዳዊ ከሆነ በመጀመሪያው መስመር ላይ ቅር ይለዋል። «እንግሊዝ» የሚለውን ሰርዘን «የስኮትላንድ» አልን። ከዚያ ፎርሙ ላይ የአገር ዝርዝር ሲመጣ ደግሞ ስኮትላንድን ፈልጎ አጣ፤ ዝርዝሩ የመንግሥታት ስለሆነ መምረጥ ያለበት ዩናይትድ ኪንግደምን ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ ተሳሳተ ማለት ነው። ደንቡ ይህ ነው፦ ስለ ቦታና ስለ ሰው ሲጽፉ ወደ ታች ወርደው ትክክለኛውን ክፍል ይጥሩ፤ ስለ ቪዛ፣ ስለ ፓስፖርትና ስለ መንግሥት ውል ሲጽፉ ወደ ላይ ወጥተው ዩናይትድ ኪንግደም ይበሉ። ለዩናይትድ ኪንግደም የተሰጠ ቪዛ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ ያስገባል ብለው ግን አይሂዱ። ከሰሜን አየርላንድ የመጣ ሰው ካጋጠመዎ ደግሞ ብሪታኒያዊ ነህ ወይስ አየርላንዳዊ ብለው ራስዎ አይወስኑ፤ በ1998ቱ ስምምነት አንዱን ወይም ሁለቱንም የመሆን መብት አለው።

ለመለማመድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰከላ ይበቃል። በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ የደረሰውን ጀምስ ብሩስን በብዙ ጽሑፎቻችን «እንግሊዛዊው ተጓዥ» እንለዋለን። ሦስቱን ጥያቄዎች በእርሱ ላይ ይሞክሩ። በመሬት ሲታይ የተወለደው ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በተባለ ስፍራ ነው። በመንግሥት ሲታይ ውሕደቱ ከተፈጸመ 63 ዓመት አልፎት ስለነበር የታላቋ ብሪታኒያ ሰው ነው። በዘውድ ሲታይ ከምንጩ ውኃ ቀድቶ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ጤና መጠጣቱን ራሱ ጽፏል፤ ንጉሡ በለንደን ቢቀመጥም የስኮትላንዱም ንጉሥ ነበርና። እንግዲህ «ስኮትላንዳዊው ተጓዥ» ወይም «ብሪታኒያዊው ተጓዥ» ቢባል ሁለቱም ያስኬዳል፤ «እንግሊዛዊው» ግን በሦስቱም ጥያቄዎች ይወድቃል። ቀጥለው ደግሞ በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል ስለገባው፣ ሽማግሌዎቻችን «የእንግሊዝ ጦር» ስለሚሉት ኃይል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ መኮንኖቹ ብሪታኒያውያን፣ አብዛኛው ወታደር ግን ሱዳናዊና ኢትዮጵያዊ እንደነበረ ሳይረሱ።