በቤት የተሠራች መኪና መሪዋ ሲስብ

ጅማ ውስጥ ለቡና ማመላለሻ ራሳችን የበየድናት ባለአራት ጎማ፣ ጉድጓድ በገባች ቁጥር የፊት ጎማዎቿ ይንሻፈፋሉ፣ መሪዋም ይስባል። አስተካክለን እናስራለን፣ ትንሽ ሄዳ ያው ናት። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ ፌሮ ነበር። በወፍራም ፌሮ ቀየርነው። እሱ አልታጠፈም፣ ግን ብየዳው ጥግ ላይ ተሰነጠቀ፤ የግንባታ ፌሮ ተበይዶ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ዳሩ ተሰባሪ ሊሆን ይችላል። የውሃ ቱቦማ ወዲያው ጎበጠ።

የሠራልን ከቶዮታ ፒክአፕ የተፈታ ሙሉ ዘንግ ነው፣ ከነቴስቲናው (ጫፉ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያ)። ስትገዙ ቴስቲናውን ነቅንቁት፣ ከላላ ተዉት። ረዘመ ብላችሁ ግን ቆርጣችሁ እንዳትበይዱት! እኛ በጎማዎቹ መካከል ያለውን ስፋት ነው ለዘንጉ ያስተካከልነው። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 የተጻፈባቸው ይሁኑ፣ የጥንካሬ ደረጃቸው ነው። ባሌስትራም (መኪናዋን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ሞላ) አይበየድም፣ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋል፤ በዩ ቅርጽ ብሎን እሰሩት።