ማንኮራፋትን ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ፒያሳና አካባቢው ባሉ ክሊኒኮች ተመላላሽ ታካሚ ለምታዩ ባልደረቦቼ ነው። እንቅልፍ ላይ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ችግሩን ራሱ አያውቀውም። ተኝቶ ነዋ! አውጥተን የምናገኘው እኛ ጠያቂዎቹ ነን። አጠያየቃችን ከተበላሸ ሰውየው የደም ግፊት መድኃኒቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚከፋው ይህን ችግር ለመጠርጠር የሚያገለግለውን መጠይቅ ቃል በቃል ተርጉሞ ማንበብ ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ስቶፕ ባንግ የሚባለው ነው። ስምንት ጥያቄ አለው፣ ለእያንዳንዱ "አዎ" አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ቶሮንቶ ውስጥ ለቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ተዘጋጅቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ። አንዱ ጥያቄ "ማንኮራፋትዎ በር ተዘግቶ ይሰማል?" ይላል። ቤተሰብ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ በሚያድርበት የአራዳ ቀበሌ ቤት የቱ በር ነው የሚዘጋው? ታካሚው "ኧረ አይሰማም" ይላል፣ እኛም ዜሮ እንጽፋለን። ይልቅ "ሲያንኮራፉ ሰው ይቀሰቅሳሉ? ነካ አድርገው ያዞሩዎታል?" በሉ። መጠይቁም ቢሆን ከንግግር ድምፅ የበለጠ ማንኮራፋትን ይቆጥራል።

ብቻውን የገባን ሰው "ትንፋሽዎ ይቆማል?" ብሎ ማለፍም ከዚህ አይሻልም። ባለቤቱ ውጭ ወረፋ ላይ ካለች፣ እሱ ከፈቀደ ጥሯት። "ጸጥ ይላል፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ደንግጦ ይነሳል" የምትለው እሷ ናት። ብቻውን የሚያድር ከሆነ "የለም" አትጻፉ፣ "አይታወቅም" ጻፉ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

"ቀን እንቅልፍ አይጥለኝም" የሚለውን መልስ እንዳለ አትውሰዱት። ቡናና ጫት ድካምን ይሸፍናሉ። የሚኒባስ ሾፌር ደግሞ መንጃ ፈቃዴን ያስነጥቀኛል ብሎ ይፈራል፤ ልክ ነው፣ እንጀራው ነው። መጀመሪያ የምትጠይቁት ለጤናው ብላችሁ እንደሆነ ንገሩት። ከዚያ "ጋሼ፣ ተራ ሲጠብቁ ያንጎላጃሉ?" በሉት።

ወፍራም ወንድ ብቻ መፈለግ ሌላው ስህተት ነው። መጠይቁ ለክብደት ነጥብ የሚሰጠው ቢ.ኤም.አይ. (ኪሎው በሜትር ለተለካ ቁመቱ ሁለት ጊዜ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር) ከ35 በላይ ለሆነ ሰው ነው። ቀጭን ሆኖ አገጩ ትንሽ የሆነ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ሰው ግን በሽታው ሊኖርበት ይችላል። ስህተቱ ሴቶች ላይ ይብሳል፤ መጠይቁ ወንድ ለሆነ ሰው አንድ ነጥብ ስለሚሰጥ ሴቷ ያንን ከመነሻው ታጣለች። ብዙዎቹም ስለ ማንኮራፋት አያነሱም፤ "ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ደከመኝ" ይላሉ። በተለይ የወር አበባቸው የቆመ እናቶችን በጥሞና ስሟቸው።

እዚህ ላይ አደገኛው ነገር ይመጣል። "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ላለች ሴት ሳይጠይቁ ዳያዜፓም የተባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት መስጠት። መድኃኒቱ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ ትንፋሽ ሲቋረጥ ቶሎ ከመንቃትም ያዘገያል። ማታ አልኮል መጠጣትም እንዲሁ ነው።

አንገት በዓይን አይገመትም። ሻርፑን አስወልቁ፣ በሜትር ለኩ። የመጀመሪያው ቅጂ ከ40 ሴንቲሜትር በላይን ይቆጥራል፤ ለወንድ 43፣ ለሴት 41 የሚል ቅጂም አለ። ክሊኒኩ አንዱን ይምረጥና ሁሉም በዚያ ይሥራ።

ቀን ጣት ላይ የተለካ ኦክሲጅን ደህና ነው ብሎ ማሰናበትም አይሆንም፤ የሚወርደው ሌሊት ነው።

በመጨረሻ ነጥቡን እንደ ምርመራ ውጤት መናገር አለ። ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ፣ 3 እና 4 መካከለኛ፣ 5 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ማለት ነው እንጂ በሽታው ተገኘ ማለት አይደለም። የሚያረጋግጠው በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽን የሚመዘግብ የሌሊት ምርመራ ነው። እስከዚያው በጎኑ ይተኛ፣ እንቅልፍ እየጣለው አይንዳ፣ ግፊቱን ተከታተሉለት። ለቀዶ ሕክምና የምትልኩት ከሆነ ነጥቡን ሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።